የቀለሟ ፕሪአምፕ

ባለቤቴ ቀለሟ በሕይወት እያለች፣ ያውም ሳሎን አልጋዋ ላይ ሆና የቴሌቪዥን ድራማዋን እየጠበቀች፣ ሁለቱ ወንድሞቿ ለለቅሶዋ ድንኳን ግቢያችንን በእርምጃ ሲለኩ ደረስኩባቸው። ደረስኩባቸው ስል ከሽንት ቤቱ ቆርቆሮ ጀርባ ቆሜ ጥርሴን እየፋቅሁ ሰማኋቸው ማለቴ ነው። ታላቁ ጉደታ ከብረት በሩ ተነሥቶ እስከ አቮካዶው ግንድ ዐሥራ አንድ ብሎ ቆጠረ፤ የጉደታ አንድ እርምጃ ደግሞ የሌላ ሰው ሁለት ነው፣ ወንዝ የሚሻገር ነው የሚመስለው። ታናሹ ነገራ ከኋላው እየተከተለ መሬቱን በእንጨት ይጭራል። የሚነጋገሩት በኦሮምኛ ነው፤ እኔ ከሸዋ መጥቼ ነቀምት ሠላሳ አንድ ዓመት ስኖር ኦሮምኛን ከተወላጁ አስበልጬ ስለማውቅ አንዲት ቃል አላመለጠችኝም። «አቮካዶው ካልተቆረጠ አይገባም» አለ ነገራ። «ቅርንጫፉ ይበቃል፤ ግንዱ አምፖል ይታሰርበታል» አለ ጉደታ። ድንኳኑ ከቤተ ክርስቲያን፣ ወንበሩ ከእድር እንዲመጣ ተስማሙ። ከዚያ ነገራ ስለ ድምፁ ጠየቀ። «የሶዳችን አለ አይደል» አለ ጉደታ፤ ሶዳ በእነሱ ቋንቋ አማች ነው፣ እኔ መሆኔ ነው። «ማይክ አይቀበልም እንጂ። ዛሬ ሊገዛ የሚሄደው ዕቃ ማይክ ያለው ይሁን ተብሏል።» መፋቂያዬ አፌ ውስጥ ለሁለት ተሰበረ።

ስለ ድምፄ ሳልናገር ባልፍ ነቀምት ይታዘበኛል። በእኔ በሠርፀ ቤት ካለው ሆም ቴአትር የሚበልጥ ድምፅ በዚህ ከተማ ቢኖር የክረምት ነጎድጓድ ብቻ ነው፤ እሱም ከመስከረም በኋላ ሥራ ይፈታል። አራቱ ስፒከሮች እያንዳንዳቸው የአንደኛ ክፍል ተማሪ ያህላሉ። አምፕሊፋየሩን ያገኘሁት አንድ ሆቴል አዳራሹን ሲዘጋ ነው፤ ለስድስት መቶ ሰው የተሠራ ነው፣ እኔ ለሁለት ሰው አደረግሁት። ጎርናናውን ድምፅ የሚያወጣውን ሰብዉፈር በሙሉ ጉልበቱ የለቀቅሁት ዕለት በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ያሉ ዶሮዎች ያለ ሰዓታቸው እንቁላል ጥለዋል፤ ያላመነ ጎረቤቴን ዘርፈሽን ይጠይቅ። አንድ ጉድለት ግን አለው። ሁሉም ጉልበት ነው፣ ንግግር የለም። አሮጌው ማጫወቻ በቀጥታ አምፕሊፋየሩ ላይ ስለተሰካ መኪና ሲገለበጥ ቤታችን የተገለበጠ ያህል ይሰማል፤ ሰው ሲናገር ግን ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚያወራ ነው የሚመስለው። ቀለሟ ከአዲስ አበባ ሆስፒታል ከተመለስን ወዲህ አልጋዋ ሳሎን ስለገባ ከጠዋት እስከ ማታ ድራማ ታያለች፤ በየሁለት ደቂቃው «ምን አለች?» ትለኛለች። እኔም ያልሰማሁትን እነግራታለሁ። እውነቱን ለመናገር እኔ የፈጠርኩላቸው ንግግር ደራሲው ከጻፈላቸው ይሻላል፤ ሁለት ጊዜ የማይታረቁ ባልና ሚስት አስታርቄአለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ግን «አባ ኬኔ፣ ትናንት ገድለሃት ነበር እኮ» አለችኝ፤ በልጃችን በኬኔ ስም ነው የምትጠራኝ። ያን ጊዜ ነው ፕሪአምፕ ለመግዛት የቆረጥኩት። ፕሪአምፕ ማለት ከማጫወቻውና ከአምፕሊፋየሩ መሀል ተቀምጦ ድምፁን አጥርቶ፣ ለክቶ የሚያቀብል ዕቃ ነው።

ከቆርቆሮው ጀርባ ስወጣ ጉደታ እጁን ኪሱ ከተተ፣ ነገራ እንጨቱን ጣለ። «አከም ቡልተኒ» አልኳቸው፤ «ግቢውን ልትገዙኝ ነው?» ጉደታ ደኅና ማደሩን ነግሮኝ አጥሩ እንደዘመመ፣ እሱን እያዩ እንደነበር ተናገረ። አጥሩ አልዘመመም። ሦስታችንም ቀና ብሎ የቆመውን አጥር ትንሽ አየነው። እንኳን ሁለቱን፣ ጉልበቱ ቢኖረኝ መላውን የወለጋ ሽማግሌ አሰልፌ የምሰድብበት ጠዋት ነበር፤ አፌ ግን የተሰበረውን መፋቂያ ከመትፋት በቀር ምንም አልሠራም። ሳሎን ስገባ ቀለሟ ሦስት ትራስ ተደግፋ ነጠላዋን ታስተካክላለች። ፊቷ በአንድ ወር ውስጥ የሌላ ሰው ፊት ሆኗል፤ ዓይኗ ግን ያው ሠላሳ ዓመት ያፈጠጠብኝ ዓይን ነው። «ጂሬኛ የሚልህን ስማ» አለችኝ፤ ጂሬኛ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ሱቅ ያለው የድምፅ ዕቃ ሠሪ ነው። «ጂሬኛን ሽቦ መቀጠል ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አልኳት። «እሱማ ነው» አለች፤ ዓይኗን ከደነች።

በባጃጅ ስሄድ ያገኘሁት ሰው ሁሉ ስለ እሷ ጠየቀኝ፤ ለሁሉም በልኩ መለስኩ። ለመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ምግብ ጀምራለች አልኩት። አብሮኝ መሥሪያ ቤት ለነበረው ለሽብሩ ሐኪሙ ለገና ገበያ ትወርዳለች ብሎኛል አልኩት። ለባጃጅ ነጂው፣ ማን እንደሆነ እንኳ ሳላውቀው፣ የልጃችንን የኬኔን ሠርግ ለጥር ወር ቀለሟ ራሷ እያሰናዳች ነው ብዬ ነገርኩት። ኬኔ ሐዋሳ ነው የምትሠራው፤ ሠርግ ይቅርና እጮኛ ያላት አይመስለኝም። ኪሴ ውስጥ የነበረው ገንዘብ ለመድኃኒት አስቀምጠነው ሐኪሙ ሌላ መድኃኒት ስላላዘዘ የተረፈ ገንዘብ ነው። ይህን ግን ለማንም አልነገርኩም።

የጂሬኛ ሱቅ ሰው ሦስት ሆኖ የማይቆምበት ነው። ግድግዳው ሙሉ የተከፈተ ሬዲዮ፣ ልቡ የወጣ ቴሌቪዥን፣ ገመድ እንደ ቋሊማ የተንጠለጠለበት ነው። ጂሬኛ ሁለት ፕሪአምፕ ጠረጴዛው ላይ አዘጋጅቶ ጠበቀኝ። አንዱ ብርማ ነው፤ ከአንድ ከአገር ከወጣ ሐኪም ቤት የተገዛ፣ ፊቱ ላይ አንድ ትልቅ መዘውር ብቻ ያለው፣ ክብደቱ የወፍጮ መጅ የሚያህል። ሌላው ጥቁር ነው፤ አዲስ፣ ቀላል፣ ፊቱ በትናንሽ መዘውሮች የተሞላ፤ ሁለት የማይክ መሰኪያ አለው፣ ድምፅ የሚደጋግም ኢኮም አለው። ብርማው አርባ ስድስት ሺህ፣ ጥቁሩ ሠላሳ አንድ ሺህ። ጂሬኛ ገና ሳልቀመጥ ጥቁሩን ወደ እኔ ገፋው። በሃምሳ አራት ዓመቴ ርካሹን ዕቃ የሚገፋልኝ ነጋዴ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

«አባ ኬኔ፣ ለእርስዎ ቤት ይሄ ነው የሚሆነው» አለኝ።

«ለእኔ ቤት? የእኔን ቤት አምፕሊፋየር ታውቀዋለህ? አንገር ጉቲን ከተማ ድረስ ይሰማል።»

«ይሰማል፤ ጥር ላይ ሰምተነዋል። በአዴ በዛብሽ ለቅሶ የእርስዎ ስፒከር ከልጆቿ በላይ አለቀሰ አሉ።»

«ቮልቴጁ ነው። መብራቱ ሲወጣና ሲወርድ ነበር።»

«ቮልቴጅ እንደዚያ አይጮህም» አለ፤ ሳቁን ዋጠው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ ከተማ ትልቅ ድምፅ ያለው ሰው ዕቃው የራሱ ብቻ አይደለም። ሰው ሲሞት ቤተ ክርስቲያን ድንኳን ትልካለች፣ መዘምራን ይመጣሉ፤ ለሦስት ቀን መዝሙርና የእግዚአብሔር ቃል አለ። ስፒከር ያለው ጎረቤት ስፒከሩን ተሸክሞ ይወጣል፤ ሳይለመን ይወጣል፤ ያልወጣ ሰው በራሱ ለቅሶ ቀን ያየዋል። የጎረቤታችን የወይዘሮ በዛብሽ ለቅሶ ዕለት እኔ ማይኩን ከማይሆን ነገር ጋር ቀጥዬው ነበር። ፓስተሩ ጸሎት ሲጀምር ስፒከሮቹ እንደሚታረድ ከብት ጮኹ፤ ባጠፋው መዝሙሩ ይቀራል፣ ብለቀው ጸሎቱ ይቀራል። ወጣቶቹ ሲስቁ ለቀስተኛው አንገቱን ደፋ። ቀለሟ ያኔ ገና ጤነኛ ናት፤ ከመዘምራኑ መሀል ቆማ ነበር፣ ዐሥራ ስምንት ዓመት የዘመረችበት ቦታ ላይ። ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አላነሣችብኝም፤ እኔም ለጂሬኛ እንደነገርኩት ለሁሉም ቮልቴጅ እያልኩ ኖርኩ።

ጂሬኛ አንድ ፊልም በሁለቱም ላይ አጫወተልኝ። በጥቁሩ ንግግሩ ይሰማል፤ ከነበረው ይሻላል፤ ግን ሰውዬው ጥርሱን ሳይከፍት የሚናገር ይመስላል፣ ካልጨመርከው አይጥምም። በብርማው ሲያጫውተው ዝም አልኩ፤ እኔ ዝም ስል ነቀምት ሊመዘግበው ይገባል። ሴትየዋ ልጇን ቀስ ብላ ትጠራለች፤ ምራቋን ስትውጥ ሰማሁ። ከኋላዋ ያለው በር ሲከደን ሰማሁ። ቀለሟ «ምን አለች?» ሳትለኝ ሙሉ ድራማ አይታ ስትጨርስ ታየኝ፤ አንድ ብቻ አይደለም፣ ተከታታዩን ሁሉ፣ የሚቀጥለውን ዓመት ክፍል ጭምር። ጥቁሩን አየሁት። ሁለቱ የማይክ ቀዳዳዎች በትንሽ የጎማ ክዳን ተከድነዋል። ያንን ዕቃ በእጄ ይዤ በራሷ በር ብገባ ለእሷ የማደርሰው ምን እንደሆነ አሰብኩ፤ ጉደታ የጀመረውን እርምጃ እኔ ጨረስኩት ማለት ነው።

«ብርማውን ጠቅልልልኝ» አልኩት።

«ማይክ የለውም እኮ።»

«ማይክ ምን ይሠራልኛል? እኔ ራሴ ማይክ ነኝ።»

ጂሬኛ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ተወና እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር። «አዴ ቀለሟ ምን አሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። ልትድን ነው አልኩት፤ ለገና። ትንሽ አየኝና ብርማውን መጠቅለል ጀመረ፤ ቀስ ብሎ ነው የጠቀለለው፣ ሐሳቤን እስክቀይር የሚጠብቅ ሰው አጠቃለል። ጥቁሩን ወደ መደርደሪያው አልመለሰውም።

ሰባት ሰዓት ላይ ቤት ደረስኩ። ጉደታና ነገራ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ያመጣሁትን ካርቶን አዩ፣ እርስ በርስ ተያዩ። ገመዶቹን ስሰካ የሰጠሁትን ማብራሪያ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ቢሰማው ደብተር ያወጣ ነበር። ቀለሟ የጀመረችውን ድራማ ከፈትኩላት። ክፍሉ ያው ክፍል ነው፤ ያው ሰማያዊ ቀለሙ የተላጠ ግድግዳ፣ ያው በጠርሙስ የተሞላ ኮመዲኖ፤ ድምፁ ግን ሌላ ቤት ሆነ። ቀለሟ ትራሷ ላይ ቀና አለች። ለሩብ ሰዓት ያህል አንድም ጊዜ «ምን አለች?» አላለችኝም። እንዲያውም «ይቺ ልጅ ጉንፋን ይዟታል፤ በአፍንጫዋ ነው የምታወራው» አለችና ፈገግ አለች። ሦስት ወር ያልታየ ፈገግታ ነው። ወደ ጉደታ ዞሬ ደረቴን ነፋሁ፤ ከነቀምት እስከ ጊምቢ እንዲህ ያለ ጥራት እንደሌለ ነገርኩት። ጉደታ እግሩን ያያል።

ድራማው ወደ ማስታወቂያ ሲሄድ ቀለሟ እጇን አነሣች። «ጀርባውን አዙረህ አሳየኝ።» ምን ያደርግልሻል ብላት እጇን ሳታወርድ ጠበቀችኝ፤ አዞርኩት። አንገቷን አዘንብላ አንድ በአንድ አየችው። ቀይ ቀዳዳ፣ ነጭ ቀዳዳ፣ የመብራቱ ገመድ፤ ሌላ የለም።

«ማይኩ የት ነው የሚገባው?»

«ማይክ ለምን? ቤታችን ውስጥ ሎተሪ ልናዞር ነው?»

«አባ ኬኔ፣ ዲሲ» አለችኝ። ተው ማለት ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስትለኝ እንደ ቀልድ ነበር የምትለው። «ጉደታን ግቢውን ለካ ያልኩት እኔ ነኝ። ጂሬኛ ጋም ትናንት የደወልኩት እኔ ነኝ። ማይክ ያለው እንዲሰጥህ ነግሬው ነበር።»

ነገራ ተነሥቶ ወደ ጓሮ ወጣ። እኔ የሐኪሙን ነገር አነሣሁ፤ ገናን አነሣሁ፤ የታመመው ጉበቷ ራሱን መልሶ የሚያበቅል አካል እንደሆነ፣ አንድ የማውቀው ሰው ከዚህ ብሶበት ተነሥቶ ሦስት ልጅ እንደወለደ ነገርኳት። ያን ሰው አላውቀውም፤ የለም። እስክጨርስ አዳመጠችኝ።

«ሐኪሙ ያለውን የሰማሁት እኔ ነኝ» አለች። «አንተ ኮሪደሩ ላይ ለዘበኛው ስለ ስፒከርህ ታወራ ነበር።»

እውነቷን ነው። ዘበኛው ሰብዉፈር ምን እንደሆነ ጠይቆኝ ነበር። በሩ ሲከፈትና ስትወጣ አስታውሳለሁ፤ «ምን አለሽ?» ስላት «ቤት ሂዱ አለን» ብላ ነበር፤ እኔ ደግሞ ድነሻል ሂጂ ያላት አስመስዬ እስከ ነቀምት በአውቶቡሱ ውስጥ ላሉት ሁሉ አወራሁ። አጠገቤ ተቀምጣ መስኮቱን ታይ ነበር።

«የበዛብሽን ልጆች ዐይቻቸዋለሁ» አለች፤ ድምፅዋ ደከመ። «እናታቸውን ሊቀብሩ ሄደው ጆሯቸውን ይዘው ተቀመጡ። ኬኔ ከሐዋሳ መጥታ እንደዚያ እንድትቀመጥ አልፈልግም። ሌላ ምንም አልጠየቅሁህም።» ከዚያ እንደ ጨረሰ ሰው ፊቷን ወደ ቴሌቪዥኑ መለሰች። ጉንፋን የያዛት ልጅ እንደገና መናገር ጀምራ ነበር፤ ቃሏ ሁሉ ጥርት ብሎ ይሰማል። ቀለሟ ትዕይንቱ እስኪያልቅ አየችና «አሁን ንቀለው» አለችኝ።

ዐሥር ሰዓት ላይ ጂሬኛ ሱቅ ነበርኩ። ጥቁሩ ተጠቅልሎ፣ በገመድ ታስሮ፣ ማይክም ተጨምሮበት ጠረጴዛው ጥግ ላይ ተቀምጧል። ጂሬኛ ብርማውን ተቀብሎኝ የተረፈውን ገንዘብ መለሰልኝ። ቀድሞ ብትነግረኝ ምን ነበረበት አልኩት። «ማይክ ያለውን አቅርብለት፣ እኔ እንዳልኩ ግን አትንገረው፣ ራሱ ይምረጥ ብለውኝ ነበር» አለ። በመልስ ጉዞዬ ባጃጅ ነጂው ምን እንደያዝኩ ጠየቀኝ። ዕቃ ነው አልኩት።

ጉደታና ነገራ ሁለቱን ትልልቅ ስፒከሮች ተሸክመው አወጧቸው፤ አንዱን በር ዳር፣ አንዱን አቮካዶው ሥር፣ ድንኳኑ በሚቆምበት ቦታ አቆሟቸው። ገመዱን በመስኮት አሳለፍነው። ማይኩን ለቀለሟ ሰጠኋት፤ በሁለት እጇ ያዘችው፣ ከበዳት። ጉደታ ግቢው ጫፍ ላይ ቆሞ ይሰማል፣ ነገራ መሀል ላይ። ሰው ማይክ ሲሞክር አንድ ሁለት ነው የሚለው። እሷ ግን «ገለቶማ» አለች፤ አመሰግናለሁ ማለት ነው፣ ለብዙ ሰው የሚባል። «ከሩቅም ከቅርብም ለመጣችሁልን፣ ገለቶማ።» ከውጭ ድምፅዋ ሦስት ጊዜ እየደጋገመ ተመለሰ። «ይሄን የሚደጋግመውን አጥፋው» አለችኝ። «አንዴ ማመስገን ይበቃል።» ኢኮውን ዜሮ ላይ አደረግሁት። ከዚያ ዋናውን መዘውር ቀንስ አለች፤ ቀነስኩ። ቀንስ አለች። ስምንት ላይ ነበር፣ ስድስት አደረግሁት። ዳር ላይ የሚቀመጡት አይሰሙም አልኳት። «የሚያለቅስ ሰው ዝም ይላል፤ ይሰማሉ» አለች። አራት ላይ ስደርስ ጉደታ ከጫፍ ሆኖ እጁን አነሣ፤ ይሰማል ማለቱ ነው። እጁን መልሶ ፊቱ ላይ አደረገውና ወደ አጥሩ ዞረ።

ኬኔ ባለፈው ዓመት ረስታው የሄደችው የጥፍር ቀለም ኮመዲኖው ውስጥ ነበር። ቀለሟ አስወጣችው። በየመዘውሩ አፍ ላይ፣ አሁን በቆመበት ልክ፣ አንድ አንድ ቀይ ነጥብ አድርግ አለችኝ። «አንተ ያን ቀን አትችልም» አለች፤ «ሮብሳን ነው የሚነካው።» ሮብሳን የመዘምራኑ መሪ ነው። ነጥቦቹን አደረግሁ፤ ስድስት ነበሩ። ሁለተኛው ላይ እጄ ስቶ ቀለሙ ፈሰሰ፤ በጣቴ ጠረግሁት። እስኪደርቅ እንዳይነካ አለች።

ከዚያ ድራማዋን ክፈትልኝ አለች። ከፈትኩላት። ገመዱ ለሁለቱ ስፒከር ብቻ ስለበቃ ምስሉ ሳሎን ነበር፣ ድምፁ ግቢ ነበር። ጉደታና ነገራ ገብተው ሶፋው ላይ ተቀመጡ፣ እኔ አልጋው ጫፍ ላይ። ሴትየዋ አፏን ትከፍታለች፤ ንግግሯ ከአቮካዶው ሥር ይመጣል፣ አራት ላይ፣ እንደ ሩቅ ጎረቤት። አራታችንም ወደ መስኮቱ ጆሯችንን አዘንብለን ተቀመጥን። ልጅቷ የሆነ ነገር ተናግራ ማልቀስ ጀመረች። ቀለሟ ምን እንዳለች አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልፈጠርኩላትም። የነጥቦቹ ቀለም ደርቆ ነበር። ድምፁን ጨምር ያለ ሰው የለም።